ጭኑ የሚሞላ፣ ወገቡ የሚሰፋ ሱሪ፦ ምን ይሻላል?

አንድ አንባቢ እንዲህ ብሎ ጠይቆኛል፦ «ጋሼ፣ የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ሥራ የምመላለሰው በሳይክል ነው፣ ማታ ማታ ደግሞ ጂም እገባለሁ። ወገቤ 82 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ጭኔ ግን 66። ባቴ 43 ይሆናል። 32 ቁጥር ሱሪ ጭኔ ላይ ሲደርስ ይቆማል። 36 ስለብስ ደግሞ ወገቡ ሌላ ሰው ይጨምራል፣ በቀበቶ ስጠረንፈው ከኋላ ይጨማደዳል። እሱንም ብታገሰው ብዙም ሳይቆይ እግሬ መሃል ላይ ይቀደዳል። ለቢሮም ለዘወትርም የሚሆነኝ ሱሪ ከየት ላግኝ?»

ወንድሜ፣ ይሄ ጥያቄ በብዛት ይመጣልኛል። ኳስ ተጫዋቹም፣ ሯጩም፣ ክብደት የሚያነሳውም የሚለኝ ይሄንኑ ነው። ሱሪ ስትመርጥ ወገብህን ለጊዜው እርሳው። ለጭንህና ለመቀመጫህ ግዛ፣ ወገቡን ልብስ ሰፊ ያጥብብልህ። ወገብ ማጥበብ ለልብስ ሰፊ ቀላል ሥራ ነው። ጭን ማስፋት ግን ውስጡ የተረፈ ጨርቅ ከሌለ ማንም አይችልም።

ለምን እንዲህ እንደሚሆን ልንገርህ። ፋብሪካ የአንድን መካከለኛ ሰው ልክ ይይዝና ከዚያ ተነስቶ ቁጥሩን ወደ ላይና ወደ ታች ያባዛዋል። 32 ሲል 32 ኢንች ማለቱ ነው፣ ወደ 81 ሴንቲ። ከ32 ወደ 34 ስትሄድ ወገቡ 5 ሴንቲ ይጨምራል፣ ጭኑ ግን ብዙ ጊዜ የሚጨምረው የዚያን ግማሽ ያህል ነው። ስለዚህ ቁጥር በጨመርክ ቁጥር ወገቡ ጭኑን እየቀደመው ይሄዳል። ስሊም የሚባለው ጠበብ ተደርጎ የተቆረጠ 32 ቁጥር ጭኑ ዙሪያውን 58 ወይም 60 ሴንቲ አካባቢ ነው። ያንተ 66 እዚያ ውስጥ አይገባም፣ በግድ ቢገባም ስፌቱ አይችለውም።

መጀመሪያ በትክክል ተለካ። ጭንህን ቆመህ ለክተህ ከሆነ ግማሹን ነው የምታውቀው። ወንበር ላይ ተቀምጠህ ድገመው። ስትቀመጥ ጡንቻው ወደ ጎን ይዘረጋል፣ እንዳንተ ያለ እግር ላይ ልዩነቱ በግልጽ ይታያል። ሜትሩን ከብሽሽትህ ሁለት ሦስት ሴንቲ ዝቅ አድርገህ፣ በጣም ወፍራሙ ቦታ ላይ፣ ሳታጠብቅ አዙረው። ከዚያ ጉልበትህን፣ ከዚያ ባትህን። ባትን ብዙ ልብስ ሰፊ አይለካውም፣ ስለዚህ አንተ አስታውሰው።

አሁን የሱሪው ልክ ከእግርህ ልክ ምን ያህል ይብለጥ? ለማይለጠጥ ጨርቅ፣ ለገበርዲን፣ ለካኪ፣ ለሱፍ፣ ጭኑ ላይ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ትርፍ ያስፈልግሃል። ያ ማለት የሱሪው ጭን 71 ወይም 72 ይሁን ማለት ነው። ትንሽ የሚለጠጥ ከሆነ 68 ወይም 69 ይበቃሃል። የሚለጠጥ ስል ላስቲክ የሆነውን ማለቴ አይደለም። ውስጡ ያለውን ጽሑፍ አንብብ፣ 98 ከመቶ ጥጥ፣ 2 ከመቶ ኤላስቴን (የሚለጠጠው ክር) የሚል ካገኘህ ላንተ ጥሩ ነው። ኤላስቴኑ ከፍ ያለው ጨርቅ ጭን ላይ ተጣብቆ የጡንቻህን ቅርጽ ያወጣዋል። ለቢሮ አይሆንም።

ሱቅ ውስጥ ደግሞ ሳትለብሰውም መለካት ትችላለህ። ሱሪውን ጠረጴዛ ላይ ዘርጋው፣ አራቱ ስፌቶች እግር መሃል የሚገናኙበትን ነጥብ ያዝ፣ ከዚያ ሁለት ሴንቲ ወረድ ብለህ ከዳር እስከ ዳር ለካና በሁለት አባዛው። ሜትር ኪስህ ውስጥ ይዘህ ዙር። በተለይ ሰልባጅ ስትገዛ ይሄ ነገር ያድንሃል፣ ምክንያቱም እዚያ ቁጥሩ ላይ መተማመን አይቻልም፤ ታጥቦ የገባ አለ፣ አንዴ የጠበበ አለ፣ ቁጥሩ የተቀደደ አለ። መርካቶም ሆነ ባሕር ዳር ገበያ፣ ሰልባጅ ውስጥ ላንተ እግር የሚሆን ሱሪ ከአዲሱ ይልቅ ቶሎ ይገኛል። ድሮ የተሠሩት ሱሪዎች ከላይ ሰፋ ብለው ነው የተቆረጡት፣ የቢሮዎቹ ደግሞ ብዙ ጊዜ ውስጣቸው ትርፍ ጨርቅ አላቸው።

ከዚያ ልበሰውና ቁጭ በል። ቆሞ መስታወት ማየት ምንም አይነግርህም። ዝቅ ያለ በርጩማ ላይ ተቀመጥ፣ አንድ እግርህን ሳይክል ላይ እንደምትወጣ አንሳ፣ ቁጢጥ በልና ተነስ። ጨርቁ የሚሠራውን መስመር እየው። ጭንህ ላይ አግድም የተወጠረ መስመር ካለ ጭኑ ጠቧል። የጎን ኪሶቹ አፋቸውን ከከፈቱ ዳሌውና ጭኑ ጠበዋል። ከብሽሽትህ ተነስቶ ወደ ሁለቱ ጭኖች የሚበተን መስመር ካየህ ደግሞ እግር መሃል የገባው ጨርቅ አንሷል። ስትነሳ ሱሪው ወደ ታች ካልወረደልህና ባትህ ላይ ተንጠልጥሎ ከቀረ፣ ከጉልበት በታች ጠቧል ማለት ነው። ይሄ የመጨረሻው ቀኑን ሙሉ እጅህን ሱሪህ ላይ ያስቀምጥሃል። እንዲህ ያለውን አትግዛ።

ስለ መቀደዱ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚያስበው ጭን ስለጠበበ ብቻ እንደሆነ ነው። የኋላው መሃል ስፌት ከወገብህ ይነሳል፣ በመቀመጫህ ዞሮ እግርህ መሃል ገብቶ ከፊተኛው ጋር ይገናኛል። መቀመጫህና ከጭንህ ጀርባ ያለው ጡንቻ ሲፋፉ ይሄ ስፌት ረጅም መንገድ መዞር አለበት። ካጠረ፣ ስትቀመጥ የሱሪው ወገብ ከኋላ ቁልቁል ይጎተትና ሁሉም ኃይል አራቱ ስፌቶች የሚገናኙባት ነጥብ ላይ ያርፋል። ክሩ ይበጠሳል፣ ወይም ክሩ ጠንካራ ከሆነ ጨርቁ ከጎኑ ይተረተራል። ስለዚህ ዝቅ ያለ ወገብ ያለው ሱሪ ላንተ አይሆንም። እምብርትህ ስር ጠጋ የሚል፣ ከኋላ ከፍ ያለ ፈልግ። ብሽሽቱ ግን ወደ ታች ተንዘላዝሎ መውረድ የለበትም። ብዙዎች እግር መሃል ዝቅ ያለ ሱሪ የሚመቻቸው ይመስላቸዋል፣ እንዲያውም እግር ሲነሳ ሱሪውን ሁሉ ይዞ የሚነሳው እሱ ነው። ብሽሽትህ ስር ቀረብ ያለ፣ ግን በስፋቱ በቂ ጨርቅ ያለው ነው ትክክለኛው።

አንተ ላይ ደግሞ ሁለተኛ ምክንያት አለ፣ ሳይክሉ። ኮርቻው ጨርቁን እየፈተገ ያሳሳዋል፣ ልኩ የሆነ ሱሪም ቢሆን በዚያ ቦታ ያልቃል። አዲስ እያለ ልብስ ሰፊ ጋ ውሰደውና ከውስጥ በኩል ቀጭን ግን ጠንካራ ጨርቅ እግር መሃል ላይ ያስደርብልህ፣ የኋላውንም ስፌት ሁለት ጊዜ በፖሊስተር ክር ይድገምልህ። ከተቀደደ በኋላ ከሚደረግ ጥገና በጣም ይሻላል፣ ከውጭም አይታይም።

ወገቡን ማስጠበብ። ይሄን ለልብስ ሰፊው በግልጽ ንገረው፦ ከኋላ መሃል ይጠበብ፣ ከጎን አይነካ። ከጎን ከነካው ኪሶቹን ያበላሻል፣ የዳሌህንም ቅርጽ ይቆርጣል። ከኋላ መሃል እስከ 4 ወይም 5 ሴንቲ ያለ ችግር ይጠባል። ከዚያ ካለፈ የኋላ ኪሶቹ ተጠጋግተው ይሳሳማሉ፣ መቀመጫውም ይበላሻል። ለዚህ ነው 36 አትግዛ የምልህ፣ 9 ሴንቲ ማስጠበብ ሊያስፈልግህ ነው። ላንተ 34 ቁጥር፣ ከላይ ሰፋ ያለ፣ ትንሽ የሚለጠጥ፣ ከወገቡ 4 ሴንቲ የተጠበበ ይበቃሃል። ጂንስ ከሆነ ወገብ መያዣው አንድ ወጥ ስለሆነ መቁረጥ ያስፈልጋል፣ መጋጠሚያው መሃል ላይ ካለው የቀበቶ ማስገቢያ ስር እንዲደበቅ አድርግ በለው።

ከጉልበት በታች ሰፋ ካለብህ ወደ ታች እያጠበበ ይሂድ፣ ግን ባትህን ለክቶ። ከላይ ሰፊ ሆኖ ወደ ታች የሚጠብ ሱሪ ለአገራችን አዲስ አይደለም፣ ተነፋነፍ ያየ ሰው ያውቀዋል። ውጭ ያለ ዘመድህ ሱሪ ልላክልህ ካለህም አትሌቲክ የሚባለውን ቁርጥ ጠይቀው። ሊቫይስ 541 የሚባለው ጂንስ ለምሳሌ ጭኑ ሰፍቶ ወደ ታች የሚጠብ ነው። እግር ላይ የሚጣበቀውን ስኪኒ እንዳይልክልህ አደራ።

አሁን ቤትህ ስላሉት ጠባብ ሱሪዎች። የቢሮ ሱሪ ከሆነ ገልብጠው። የኋላው መሃል ስፌትና የጭኑ የውስጥ ስፌት ላይ ከመስመሩ ወዲያ ሁለት ሴንቲ ያህል የተረፈ ጨርቅ ካለ ሊፈታና ሊሰፋ ይችላል። አንድ ጭን ላይ ሁለት ሴንቲ መጨመር ትንሽ ይመስላል፣ ስትለብሰው ግን ሌላ ሱሪ ነው የሚሆንልህ። ጂንስ ከሆነ ግን ስፌቱ ታጥፎ በሁለት መስመር ስለተመታ የሚወጣ ነገር የለውም። ለእሱ ያለው መላ እግር መሃል ያለውን መገናኛ ፈትቶ በቁመቱ የሾለ ባለ አራት ማዕዘን ቁራጭ ማስገባት ነው። ስትቆም አይታይም፣ ስትቀመጥ ግን ትንፋሽ ይሰጥሃል። ጥሩ አድርጎ የሚያስገባው ግን እጁ የተፈተነ ልብስ ሰፊ ነው፣ ማዕዘኑ ላይ ከተሸበሸበ ቆዳህን ይፍቅሃል።

አዲስ ሱሪ በልክህ ማሰፋት ከቻልክ ግን ለቢሮ እሱን እመርጥልሃለሁ። ስፋቱ 150 ሴንቲ የሆነ ጨርቅ ከ1 ሜትር ከ30 እስከ 1 ሜትር ከ40 ግዛ፣ ጭንህ ሰፊ ስለሆነ በዚያ ላይ አትቆጥብ። ጥጥ የበዛበት ከሆነ ሳይቆረጥ ውሃ ይንካው፣ አለዚያ በኋላ ገብቶ ልፋቱን ሁሉ ያበላሸዋል። ስስ የሚያብረቀርቅ ፖሊስተር አትምረጥ፣ ትንሽ ሲወጠር መስመሩን ሁሉ ያሳያል። ከፊት በእያንዳንዱ በኩል አንድ እጥፋት ይኑረው። እጥፋቱ ስትቆም ይዘጋል፣ ስትቀመጥ ተከፍቶ ጭንህ ላይ ሦስት አራት ሴንቲ ይጨምርልሃል። ወጣቶች እጥፋት የሽማግሌ ነው ይላሉ፣ እኔ ግን ለእንዲህ ያለ እግር ከዚህ የተሻለ ነገር አላውቅም። ጉልበቱ ዙሪያውን 50፣ ታችኛው አፉ 40 ወይም 41 ቢሆን ባትህ በነፃነት ይገባል። ወገብ መያዣው ከኋላ መሃል ላይ ስፌት ይኑረው፣ ስትከሳና ስትወፍር በቀላሉ ይስተካከላል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሳያልቅ ሙከራ ጠይቅ። ለሙከራ ስትሄድ የምትለብሰውን ጫማ አድርገህ፣ ስልክህንና ቁልፍህን ኪስህ ከተህ ሂድ።

ለሴቶችም አንድ ነገር ልበል፣ ተመሳሳይ ችግር ያላቸው እህቶች ብዙ ናቸው። መርሁ አንድ ነው፣ ጭንና ዳሌ ይቅደም። ልዩነቱ ወገብና ዳሌ መካከል ያለው ልዩነት ስለሚሰፋ የኋላውን መሃል ብቻ ማጥበብ አይበቃም፣ ከኋላ ግራና ቀኝ ትንንሽ እጥፋት ተሰፍቶ የሚጠበበው ቢከፋፈል በደንብ ይቀመጣል።

አጠባው ላይ ደግሞ ተጠንቀቅ። የሚለጠጥ ሱሪ በረኪና አይንካው፣ በጣም የጋለ ካውያም አይረፍበት። ሁለቱም ኤላስቴኑን ይገድሉታል፣ ከዚያ ጉልበቱ ያብጣል፣ መቀመጫውም ተለጥጦ ይቀራል። ገልብጠህ በቀዝቃዛ ውሃ እጠበው፣ ጥላ ውስጥ አስጣው። ሁለት ሱሪ ካለህም እያፈራረቅህ ልበስ፣ ኤላስቴኑ ወደ ቦታው ለመመለስ አንድ ቀን እረፍት ያስፈልገዋል።