ሰማያዊ የሆነው እንጉዳይና አብረውት የተጠበሱት ነጮች

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምንኖረው ቨርጂኒያ ነው። ቅዳሜ ዝናቡ ካባራ በኋላ ከቤታችን ጀርባ ባለው ጫካ፣ ኦክ ዛፍ ሥር፣ የማናውቀው ትልቅ እንጉዳይ አገኘን። ላዩ ቡናማ ነው፣ ከሥሩ ስፖንጅ ይመስላል። ስንቆርጠው ወዲያው ሰማያዊ ሆነ። ባለቤቴ አጠገቡ ከነበሩ ሁለት ነጫጭ እንጉዳዮች ጋር በሽንኩርት ጠብሶ ለራት በላው። ሌሊቱን ሲያስመልሰውና ሲያስቀምጠው አደረ። ወተት ሰጠሁት። ከአገር ቤት የመጣ ሜትሮኒዳዞል ስለነበረን እሱንም ወሰደ። ዛሬ እሑድ ማታ ደህና ነው፣ እንጀራም በልቷል። እኔ ግን ልቤ አላረፈም። ይህ እንጉዳይ ምን ይባላል? ሰማያዊ የሆነው መርዝ ስላለው ነው?

መልስ፦ ለጠያቂዋ መልእክቱ እንደደረሰኝ በቀጥታ መልሻለሁ፤ «አሁኑኑ ድንገተኛ ክፍል ውሰጂው» ነው ያልኩት። እዚህ የምጽፈው ነገ ተመሳሳይ ነገር ለሚገጥማችሁ ነው።

በቀላሉ ልጀምር። ሰማያዊው ቀለም ብቻውን መርዝ ማለት አይደለም። ሥጋው ውስጥ ያለ ንጥረ ነገር አየር ሲያገኘው ነው እንዲያ የሚሆነው፤ የተላጠ ሙዝ ሲቆይ እንደሚጠቁረው ማለት ነው። ስፖንጅ ያለው ወገን ቦሊት ይባላል። ሰማያዊ እየሆኑ የሚበሉ አሉ፣ ሰማያዊ እየሆኑ አንጀት የሚያገላብጡም አሉ። በተለይ ስፖንጁ ቀይ ሆኖ ሲቆረጥ ሰማያዊ የሚሆነው አይበላም። መጥፎዎቹ በአብዛኛው ቶሎ ነው የሚያስመልሱት፣ ከግማሽ ሰዓት እስከ ሁለት ሦስት ሰዓት ባለው ጊዜ። ነገሩ ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዙም አልጨነቅም ነበር።

እኔን ያስደነገጡኝ በአንድ ቃል የታለፉት ሁለቱ ነጮች ናቸው። በምሥራቅ አሜሪካ ኦክ ጫካ ውስጥ አማኒታ ከሚባሉት ወገን የሆነ፣ ከላይ እስከ ታች ነጭ፣ መርዙ ጉበት የሚያጠፋ ገዳይ እንጉዳይ ይበቅላል። ከሥሩ ስፖንጅ ሳይሆን እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደረደሩ ስስ ነጭ ክንፎች አሉት። አንገቱ ላይ ቀለበት፣ እግሩ ላይ ደግሞ ከረጢት የመሰለ ነገር አለው። ያ ከረጢት አፈር ውስጥ ስለሚቀበር፣ ከላይ ቆርጦ የወሰደ ሰው ጭራሽ አያየውም።

ስለዚህ ስሙን ተዉትና ሰዓቱን ንገሩኝ። ስንት ሰዓት ላይ በላ? ስንት ሰዓት ላይ አስመለሰው? ከምሽቱ 1 ሰዓት በልቶ 3 ሰዓት ላይ መጀመሩና ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ መጀመሩ ለየቅል ነው። ከበላ ከ6 ሰዓት በኋላ የሚጀምር ትውከትና ተቅማጥ፣ ሌላ ነገር መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ፣ የጉበት ጉዳይ ነው። ቶሎ ቢጀምረውም ነፃ ነው ማለት አይደለም። ሁለት ዓይነት በልቷላ! አንዱ ቶሎ አስመልሶት ሌላው ገና ሊመጣ ይችላል።

ደግሞ ይህ መርዝ ያታልላል። ተቅማጡ ያቆማል። ሰውየው ይበላል፣ ይስቃል፣ ሥራም ይገባል። በዚያው ሰዓት ጉበቱ እየሞተ ነው። ከበላ ከ2 እስከ 4 ቀን ባለው ጊዜ ዓይኑ ቢጫ ይሆናል፣ ሽንቱ ይጠቁራል፣ ይደማል፣ ይቃዣል። ያን ጊዜ የሚወራው ስለ ጉበት ንቅለ ተከላ ነው። እናም «ዛሬ ደህና ነው፣ እንጀራም በልቷል» የሚለው ጠያቂዋን ያጽናናታል፤ እኔን ግን ከትውከቱ ይልቅ ያስፈራኝ እሱ ነው።

አሁን ወደ ወተቱ። ኧረ በፈጠራችሁ፣ ይህን ወተት ተዉት! ወተት ለዚህ መርዝ ማርከሻ አይደለም። መጥበስም፣ ማድረቅም፣ ፍሪዘር ውስጥ መክተትም አያጠፋውም። የብር ማንኪያ ካልጠቆረ ደህና ነው የሚሉት ተረት ነው። ትል የበላው እንጉዳይ ለሰው ይሆናል የሚሉትም እንዲሁ። ሜትሮኒዳዞልስ ምን አገባው? እሱ የአሜባና የአንዳንድ ባክቴሪያ መድኃኒት ነው። በሻንጣ የመጣ ኪኒን ሁሉ ለሆድ ሕመም ሁሉ አይሆንም። ጉበት ሊጎዳ በሚችልበት ሰዓት ኪኒን መጨመር፣ በተለይ ፓራሲታሞል፣ በእሳት መጫወት ነው። ከሁሉ የከፋው ግን በዚህ ሁሉ መሐል አንድ ሙሉ ቀን መባከኑ ነው።

ደግሞ ያለልክ አትሸበሩ። ነጮቹ ምንም የማያደርጉ ሊሆኑ ይችላሉ፤ የደም ምርመራውም ንጹሕ ሊሆን ይችላል። በጊዜ የደረሰ ሰው የመዳን ዕድሉ ሰፊ ነው።

አሜሪካ ያላችሁ፣ ሕመም እስኪጀምር ሳትጠብቁ 1-800-222-1222 ደውሉ። የመርዝ መረጃ መስመር ነው፣ ነፃ ነው፣ ቀንም ሌሊትም ይሠራል። እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ። የበላው ሰው ራሱን ከሳተ ወይም መተንፈስ ካቃተው ግን 911 ነው።

ፎቶ ልላክ ለምትሉ፣ እኔ በፎቶ ስም አልሰጥም። የስልክ አፕም አትመኑ። የተረፈውን እንጉዳይ፣ ልጣጩም ቢሆን፣ በወረቀት ከረጢት አድርጋችሁ ሆስፒታል ይዛችሁ ሂዱ። እዚያም «ሆዱን አሞት ነበር፣ ተሽሎታል» ብላችሁ አትጀምሩ። ነጭ የጫካ እንጉዳይ መብላቱን፣ የበላበትንና ያመመውን ሰዓት አስቀድማችሁ ተናገሩ። የጉበት ምርመራው የመጀመሪያው ጥሩ ቢሆን እንኳ መቼ እንደሚደገም ሳትጠይቁ አትውጡ።