ሁለተኛ ውሻ ላምጣለት ወይ ላልከው

ውሻህ ብቻውን ስትተወው ያላዝናል፤ ጓደኛ ላምጣለት ወይ ብለሃል። እኔ ብሆን አልቸኩልም። በ1996 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት አለ። ለዓመታት አብረው የኖሩ ውሾችን ወደማያውቁት ክፍል ወሰዷቸው። ጓደኛቸው አጠገባቸው ቢሆንም ኮርቲሶል የሚባለው የጭንቀት ሆርሞናቸው ጨመረ። የሚንከባከባቸው ሰው አብሯቸው ሲሆን ግን አልጨመረም። የሚናፍቀው አንተን ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ሌላ ብትጨምርበት ሁለቱም ሊያላዝኑብህ ይችላሉ (ጎረቤትህን አያድርገኝ!)።

የውሻን ጠባይ ማን ይበልጥ ያውቃል ላልከው፣ መጀመሪያ የእንስሳት ሐኪም ጋ ውሰደው፤ ሕመምም ጠባይ ይቀይራል። «አለቃው መሆንህን በዱላ አሳየው» የሚልህን አሰልጣኝ እለፈው። ከዚያ ስልክህን ቪዲዮ ላይ አድርገህ ውጣ። ጩኸቱ በወጣህ በደቂቃዎች ውስጥ ከጀመረ፣ ቪዲዮውን ለሐኪሙ አሳየው።