ፈረሱን በብብቱ ይዞ የሸሸው ፈረሰኛ

ጥያቄ፦ በኡርዱ ግጥም ውስጥ «ሸህር አሾብ» የሚባል ዘርፍ እንዳለ፣ ሥራውም ለወደቀች ከተማ ማልቀስ እንደሆነ አንድ ወዳጄ ነገረኝ። ለናሙና ብሎ የሰጠኝ የዴልሂው ባለቅኔ የሳውዳ ግጥም ግን ስለ አንድ የተራበ ፈረስ ነው። ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። ታዲያ ለቅሶው የታል?

መልስ፦ ወዳጅዎ አልዋሸም፣ እርስዎም መሳቅዎ ልክ ነው። ምደባ ላይ ጥብቅ የሆነ ሰው ያንን ግጥም ከስላቅ ጎራ ያስገባው ይሆናል። እኔ ግን ሁለቱን አልነጣጥላቸውም።

ግጥሙ የተጻፈው በቀሲዳ መልክ ነው። ቀሲዳ ጌቶች የሚወደሱበት መልክ ነው። ሳውዳ በዚያ ሁሉ ግርማ ያቀረበልን ግን አንድ አጥንቱ የወጣ ፈረስ ነው። ፈረሱ ማታ ማታ ከዋክብቱን እህል እየመሰሉት ወደ ሰማይ ያንጋጥጣል። አንድ ሙሽራ ለሠርጉ ተውሶት ሲሄድ፣ ገና ያቆጠቆጠው ጢሙ መንገድ ላይ ጠቆረ፣ ከዚያ ሸበተ፤ ሙሽሪት ቤት የደረሰው ሽማግሌ ሆኖ ነው። ጦርነት ሲመጣ ደግሞ አንዱ ከፊት የእህል ከረጢት ያሳየዋል፣ ሌላው ከኋላ በዱላ ይነዳዋል። የመንገዱ ሰው «ጎማ ግጠሙለት!» «ሸራ ስቀሉለትና ነፋስ ይውሰደው!» ይላል። በመጨረሻ ፈረሰኛው ጫማውን በእጁ፣ ፈረሱን በብብቱ ይዞ ይሸሻል።

መጀመሪያ ያነበብኩት ማታ አልጋ ላይ ሆኜ ነው። ሙሽራው ጋ ስደርስ አላስቻለኝም፤ ባለቤቴን ቀስቅሼ አነበብኩላት። ሳቀችና «ሰውየው ደመወዝ አይከፈለውም እንዴ?» አለችኝ። ሦስቴ አንብቤው ለእኔ አልታየኝም ነበር።

ለቅሶው እዚያ ነው ያለው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1739 የፋርሱ ናዲር ሻህ ዴልሂን ዘርፎ የፒኮክ ዙፋኑን ሳይቀር ይዞ ሄደ። ከዚያ የአፍጋኑ አህመድ ሻህ አብዳሊ ተመላለሰባት፤ በ1757 ከተማዋ እንደገና ተዘረፈች። ግምጃ ቤቱ ባዶ፣ ንጉሡ ስም ብቻ። ፈረስ ደግሞ የራሱ የወታደሩ ነው፤ ደመወዝ ሲቀር መጀመሪያ የሚጾመው እሱ ነው። የመንግሥቱን ጤና ከፈረሱ የጎድን አጥንት መቁጠር ይቻላል። ሳውዳ ራሱ ዴልሂን ለቅቆ ወጣ፤ በ1781 ያረፈው ለክናው ከተማ ነው። ሌላው የዴልሂ ባለቅኔ ሚር ታቂ ሚርም በማግስቱ ዓመት ወደዚያው ከተማ ገባ።

ስሙም አስገራሚ ታሪክ አለው። ፋርሶች ጋ «ሸህር አሾብ» ማለት በውበቱ ከተማ የሚያውክ ሰው ማለት ነበር፤ ባለቅኔው የከተማውን ቆንጆ ባለሙያዎች እየጠራ ይቀልድ ነበር። በኡርዱ የባለሙያዎቹ ዝርዝር እንዳለ ቆየ፣ ቁንጅናው ሄደ። በቦታው ሥራ ማጣት ገባ። ህንዶች በእንግሊዞች ላይ ካነሱት የ1857ቱ አመፅና ከእንግሊዞች በቀል በኋላ ለዴልሂ የተጻፉት ግጥሞች ሌላ ነገር ናቸው። በ1863 «ፉጋኔ ዴህሊ» በሚል መድበል ወጥተዋል። እውነቱን ልንገርዎት፣ ብዙዎቹ ለእኔ ከልክ በላይ እንባ አለባቸው።

ከሳውዳ ቀጥሎ ወደ ባለቅኔው ናዚር አክባራባዲ ይሂዱ። ስለ አግራ ከተማ ነው የጻፈው። አምስት አምስት ስንኝ እያለ ይሄድና እያንዳንዱን ቤት የሚዘጋው «ተዘጋ» በሚል ቃል ነው፤ የሠላሳ ስድስቱም ሙያ ሥራ ተዘጋ። አንዱ ቤት ላይ ቀጥቃጩና ወርቅ ሠሪው አሉ። መዶሻ የለመደ እጅ ሥራ ሲፈታ ምን ያደርጋል? ቀጥቃጩ የገዛ ገላውን ይደበድባል፣ ወርቅ ሠሪው ራሱን ይመታል።