ቁጣችሁን ትንሽ አሳድሩት

ልጆቼ፣ የምትልኩልኝን ካርቱን ሁሉ አያለሁ። እጃችሁ ፈጣን ነው። ጠዋት ዜናው ይሰማል፣ ምሳ ሳይደርስ ሥዕሉ ስልኬ ላይ ነው። ሆዱ የተነፋ ባለሥልጣን፣ ጥርሱ የገጠጠ ነጋዴ። እኔም በናንተ ዕድሜ እንዲሁ ነበርኩ። አንዱን አለቃዬን ጉማሬ አድርጌ ሣልኩትና ቢሮው በሳቅ ፈረሰ። በሳምንቱ ያስታወሰው ሰው የለም። እውነቱን ለመናገር ጉማሬውም ጉማሬ አይመስልም ነበር።

ፈረንሳዊው የካርቱን ሠዓሊ ኦኖሬ ዶሚዬም በቁጣ ነው የጀመረው። በ1831 (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው) ገና የ23 ዓመት ልጅ ሳለ ንጉሥ ሉዊ ፊሊፕን ወንበር ላይ ተጎልቶ ሣለው። ከንጉሡ አፍ እስከ መሬት ሳንቃ ተዘርግቷል። የድሆች ገንዘብ በቅርጫት ተሞልቶ በሳንቃው ላይ ይወጣል፣ እሱ ይውጣል። ከወንበሩ ሥር የሹመትና የሽልማት ወረቀት ይወርዳል። ምን ዓይነት ወንበር እንደሆነ እናንተው ገምቱት። 6 ወር እስራትና 500 ፍራንክ አስቀጣው።

የላ ካሪካቱር ጋዜጣ ባለቤት ሻርል ፊሊፖን ደግሞ የበለጠ ብልጥ ነበር። ንጉሡን ሰደብክ ተብሎ ሲከሰስ የንጉሡን ፊት በአራት ደረጃ ሣለ። የመጀመሪያው ቁርጥ ንጉሡ ነው፣ አራተኛው ፒር የሚባለው ፍሬ። መመሳሰል ወንጀል ከሆነ ፍሬውንም ክሰሱት ማለቱ ነው። ከእስራት አልዳነም። ፒር ግን በፈረንሳይ የሰፈር ቋንቋ ሞኝ ማለትም ነውና ሰምና ወርቁ ሕዝቡ ዘንድ ደረሰ። የፓሪስ ግድግዳ በፒር ተሞላ። በ1834 ሻሪቫሪ የተሰኘው ሌላው ጋዜጣው የተፈረደበትን ፍርድ ሲያወጣ ጽሑፉን በፒር ቅርጽ ደርድሮ አተመው! ይቺን በጣም ነው የምወዳት።

እንድታዩልኝ የምፈልገው ግን ሌላ ሥዕል ነው። በዚያው ዓመት ኤፕሪል ወር ወታደሮች፣ ተተኮሰብን ብለው፣ ፓሪስ ውስጥ ሩ ትራንስኖኔን በሚባል ጎዳና ቁጥር 12 ቤት ገቡና ነዋሪዎቹን ገደሉ። ዶሚዬ ይህንን ሣለ። ንጉሥ የለም። ወታደር የለም። የሌሊት ልብስ የለበሰ ሰው አልጋው ሥር ወድቋል፣ እግሩ ባዶ ነው። ከሥሩ የሕፃን ጭንቅላት ይታያል። ወንበር ተገልብጧል። በቃ፣ ይኸው ነው። ፖሊስ ያገኘውን ቅጂ ሁሉ ለቀመ።

ሥዕሉ የወጣው ከግድያው ወራት በኋላ ነው። ሥራውም አያስቸኩልም። ለኅትመት ኖራ ድንጋይ ላይ በቅባታም እርሳስ ትሥላላችሁ፣ ድንጋዩን በውሃ ታረጥባላችሁ፣ ቀለሙ ቅባቱን ብቻ ይይዛል። ስህተት መፋቅ አድካሚ ነው። የግድግዳው ግራጫ ጥላ ደግሞ ቀስ እያለ፣ እርሳሱ እየተደራረበ የሚመጣ ነው። የተናደደ እጅ እዚያ አይደርስም።

በ1835 ሥዕል ያለ ቅድመ ፈቃድ እንዳይታተም ሕግ ወጣ። ዶሚዬ እርሳሱን አልጣለም። ንጉሡን ትቶ ደላላውን፣ ጠበቃውን፣ ችሎት ላይ የሚያንቀላፋውን ዳኛ ይሥል ጀመር። በዕድሜው 4,000 ገደማ የድንጋይ ሥዕል ሠርቷል።

የሚቀጥለውን ስትልኩልኝ አንድ ሌሊት አሳድሩት። የባለሥልጣኑን ሆድ አውቀዋለሁ። ደጁ ላይ ተሰልፋ የዋለችው ሴትዮ ጫማዋ ምን ይመስላል?