ሲሚንቶ፣ ማዳበሪያና ካርቦን፦ ከሰሜን ሸዋ ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

የኬሚካል መሐንዲስ ነኝ፤ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ስለ ፋብሪካና ስለ ካርቦን የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብያችሁ ነበር። እነሆ።

ከለሚ፦ ጋሼ፣ ሲሚንቶ ፋብሪካ ከሰል ትቶ በመብራት ቢሠራ ካርቦኑ ይቆማል?

አይቆምም ወንድሜ። ካርቦኑ ከድንጋዩም ይወጣላ! ንጹሕ የኖራ ድንጋይ 1,000 ኪሎ ብታቃጥል 560 ኪሎ ኖራ ይቀርሃል። 440 ኪሎው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይበናል። ሲሚንቶ ሲመረት ከሚወጣው ካርቦን ከግማሽ በላዩ ከዚሁ ከድንጋዩ ነው።

ታዲያ ምን ይሻላል?

ክሊንከር መቀነስ። ክሊንከር የኖራ ድንጋዩ ተቃጥሎ ከምድጃው የሚወጣው ጠጠር ነው፤ ከጂፕሰም ጋር ሲፈጭ ሲሚንቶ ይሆናል። ከፊሉን ፑሚስ በሚባለው ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ መተካት ይቻላል። የስምጥ ሸለቆ አገር ነን፤ እሱን አላጣንም። ሌላው መንገድ የተቃጠለ ሸክላ ነው። ግማሹ ክሊንከር፣ 30 በመቶው የተቃጠለ ሸክላ፣ 15 በመቶው ያልተቃጠለ የኖራ ድንጋይ፣ 5 በመቶው ጂፕሰም የሆነ ሲሚንቶ ካርቦኑን እስከ 40 በመቶ ይቀንሳል። መረሬ አፈራችን ግን ለዚህ እምብዛም አይመችም። የሚፈለገው ካኦሊን የሚባለው ነጭ የሸክላ ማዕድን ያለበት ሸክላ ነው።

ከምንጃር፦ ገበሬ ነኝ። ዩሪያን ከካርቦን ጋር ምን አገናኘው?

አባቴ፣ በጣም ይገናኛሉ። ዩሪያ የሚሠራው ከአሞኒያ ነው። ለአሞኒያው ናይትሮጅኑ ከአየር ይገኛል፤ ሃይድሮጅኑ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከተፈጥሮ ጋዝ ነው። በዚህ መንገድ 1 ቶን አሞኒያ ሲመረት 2 ቶን ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል።

ማሳ ላይም አያበቃም። ውሃ በተኛበት መረሬ ላይ ከተበተነ ዩሪያ ናይትሮጅኑ በጋዝ መልክ ይባክናል፤ ጥቂቱም ናይትረስ ኦክሳይድ ሆኖ ይተናል። ይህ ጋዝ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 273 እጥፍ ያሞቃል። እርስዎም የገዙትን አጡ ማለት ነው። እባክዎ መጀመሪያ ውሃውን በቦይ ያጠንፍፉት፤ ዩሪያውንም በአንዴ ሳይሆን ከፋፍለው ይጨምሩ።

ከደብረ ብርሃን፣ ተማሪ ነኝ፦ በሕዳሴ ግድብ መብራት ማዳበሪያ መሥራት አይቻልም?

ይቻላል እንጂ! በመብራት ውሃን ሰንጥቆ ሃይድሮጅን ማውጣት ነው። ኖርዌይ እ.ኤ.አ. ከ1929 ጀምሮ በፏፏቴ ኃይል ሠርታበታለች። ግብፅም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አስዋን ላይ፣ በዚያው በአባይ ውሃ ኃይል፣ ማዳበሪያ አምርታለች።

ችግሩ የሚበላው መብራት ነው። ለ1 ቶን አሞኒያ 10,000 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ስለዚህ እኔ የምመክረው በትንሽ ፋብሪካ መጀመር ነው። የኛ ልጆች ሥራውን እዚያ ይማሩት።

ከሸኖ፦ ቤት ልሠራ ነው። እኔስ ምን ላድርግ?

እህቴ፣ ለግንብና ለልስን ፒፒሲ፣ ማለትም እንደ ፑሚስ ያለ ድንጋይ የተቀላቀለበት ሲሚንቶ፣ ይበቃሻል። ክሊንከሩ ከኦፒሲው፣ ከተራው ሲሚንቶ፣ ያነሰ ነው። ለኮለንና ለሶሌታ ግን መሐንዲስሽ ያዘዘውን እንዳትለውጪ።