ልጅን ቤት ማስተማር፦ የቅዳሜ ማታ ጥያቄና መልስ ከሆጤዋ ቲቸር ጋር

አስተባባሪ፦ ሰላም የደሴና የኮምቦልቻ ወላጆች። ዛሬ ጥያቄያችንን የሚመልሱልን ደሴ ሆጤ ሰፈር የሚኖሩት የሆጤዋ ቲቸር ናቸው። አንደኛ ደረጃ አማርኛ ሲያስተምሩ ኖረዋል። መጋቢት 2012 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጃቸው 6 ዓመቷ ነበር። ከዚያ ወዲህ የሚያስተምሯት ቤት ነው፣ ከራሷ ጥያቄና ጉጉት እየተነሱ። በሉ ጠይቁ።

የሆጤዋ ቲቸር፦ እንደምን አመሻችሁ። አንድ ነገር ላስቀድም። ልጅ በጉጉቱ ይማር ማለት የወደደውን ብቻ ይማር ማለት አይደለም። ንባብና ሒሳብ በየቀኑ ነው። ዛሬ ይህን ደጋግሜ እላለሁ፣ አትሰልቹኝ።

እናት ከቧንቧ ውሃ፦ ቲቸር፣ 4 ዓመት ልጅ አለኝ። እንዴት ልጀምር?

የሆጤዋ ቲቸር፦ አብሽሪ፣ አትቸኩይ። ተረት ንገሪው። ሽንኩርት ስትልጪ አጠገብሽ ይቀመጥ። የሚጠይቅሽን ሁሉ ደብተር ላይ ጻፊለት። ለጊዜው ይበቃል።

የሐረጎ ሰው፦ ልጄ ሲጠይቀኝ መልሱን እነግረዋለሁ፣ እዚያው ያልቃል። በጉጉት ማስተማር የሚሉትን በምሳሌ ቢያሳዩን?

የሆጤዋ ቲቸር፦ እዚያው የሚያልቀው ስለምትነግረው ነው። ቶሎ አትመልስ።

እናቴ የምትኖረው ኮምቦልቻ ነው። ልጄ 9 ዓመቷ ሳለ "እማ፣ አያቴ ቤት ንፍሮ ቶሎ የሚበስለው ለምንድን ነው?" አለችኝ። "እሳቱ ይሆናል" ልላት አፌን ከፍቼ ተውኩት። "ጻፊው" አልኳት።

ከዚያ አብረን መጠርጠር ጀመርን። ምድጃው ይሆን? ድስቱ? ባቄላው? ውሃው? አንድ ቅዳሜ ያንኑ ባቄላ፣ ያንኑ ድስት፣ ያንኑ ቡታጋዝ ይዘን፣ የደሴን ውሃ በጄሪካን ሞልተን በሐረጎ መንገድ ወረድን። አሁንም የኮምቦልቻው ቀደመ።

ጎረቤታችን የኬሚስትሪ መምህር ነው። እስከ 110 ዲግሪ የሚለካ ቴርሞሜትር አዋሰን። የትኩሳት መለኪያ ግን እንዳታስገቡ፣ አደራ! እሱ የሚለካው እስከ 42 ነው። የፈላ ውሃ ውስጥ ይሰበራል፣ ሜርኩሪ ካለው ደግሞ መርዝ ነው።

ቤታችን ውሃው እየተንተከተከ ቀይዋ መስመር 92 አጠገብ ቆመች። ልጄ እሳቱን ጨመረች። ንቅንቅ የለም። ደግማ ጨመረች። "ተበላሽቷል" አለች። ኮምቦልቻ ስንወርድ ግን መስመሯ 94 ደረሰች። ልጄ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ዝም ብላ አየቻት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ናት። ኮምቦልቻ 1,850 ግድም። ከፍ ባልን ቁጥር ከላያችን ያለው አየር ያንሳል፣ ውሃውንም የሚጫነው ያንሳል። ስለዚህ ውሃው ብዙ ሳይሞቅ ይፈላል። በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ባቄላን የሚያበስለው ሙቀቱ ነው እንጂ መንተክተኩ አይደለም። እሳት ብትጨምሩ ውሃው ቶሎ ያልቃል እንጂ አይሞቅም።

የጦሳ ልጅ፦ እኔ አልቀበልም። ባቄላ እንደ አገሩ ነው። ሌሊቱን ሳይዘፈዘፍ የተቀቀለ ባቄላ የትም አይበስል።

የኮምቦልቻ አባት፦ ቲቸር ያንኑ ባቄላ ይዘን ወረድን አሉ እኮ! ኮምቦልቻ ትቅደም ስትባሉ ምን ያማችኋል?

የጦሳ ልጅ፦ ማን ታመመ? እናቴ ፕሬዠር ድስት ላይ ስትጥደው ደሴም በደቂቃ ይበስላል።

የሆጤዋ ቲቸር፦ የጦሳ ልጅ፣ የኔን ነገር አጠናከርክልኝ። ፕሬዠር ድስት እንፋሎቱን አፍኖ ውሃውን ይጫነዋል። ያኔ ውሃው ከ100 በላይ ይሞቃል። መዘፍዘፉም እውነት ነው፣ ቶሎ እንዲበስል ያደርጋል። ግማሹን ዘፍዝፈህ ግማሹን ሳትዘፈዝፍ ከልጅህ ጋር ቀቅለው፣ ሰዓት ያዙ። አሁን ወደ ጥያቄ እንመለስ።

ሰላም ነኝ፦ ታብሌት ልግዛላት?

የሆጤዋ ቲቸር፦ አይ። ቴርሞሜትርና ማስመሪያ ይቀድማሉ።

ያሲን ከፒያሳ፦ ቤት የተማረ ልጅ ሚኒስትሪ እንዴት ይፈተናል?

የሆጤዋ ቲቸር፦ የትምህርት ጽሕፈት ቤት በአካል ሄደህ ጠይቅ። ዛሬ ነገ አትበል። የልጅህን የልደት ምስክር ወረቀትና ካርድ ይዘህ ሂድ። በሰው ወሬ፣ በኔም ጭምር፣ እንዳትወስን።

አዲስ ገቢ፦ ሰላም ቲቸር፣ እንዴት ነው የሚጀመረው?

የሆጤዋ ቲቸር፦ ተመልሷል፣ ወደ ላይ አንብቢ። ስትጠይቁኝ ደግሞ የልጁን ዕድሜና የሚወደውን ጻፉልኝ። "እንዴት ነው" ብቻ ከሆነ ምን ልበል?

አባባ ከጢጣ፦ ልጆቼ፣ እኛ የኔታ ዘንድ ፊደል የቆጠርነው በአለንጋ ነው። ጉጉት የሚባል አናውቅም። ንባባችን ግን እስከ ዛሬ አይደናቀፍም።

ኡሙ ሪሃና፦ እውነት ነው አባባ። ቁርኣን ቤትም ሉሓችንን፣ የእንጨት ሰሌዳችንን፣ ታቅፈን በቃል ነው የያዝነው።

የሐረጎ ሰው፦ በቃል መያዝ ልጅን ያደነዝዛል።

አባባ ከጢጣ፦ ደንዝዤ ነው ወይ ቅኔ የቆጠርኩት? የቅኔ ተማሪ በየቀኑ አዲስ ቅኔ ነው የሚያበረክተው። የትናንቱን ቢደግም ማን ይሰማዋል?

የሆጤዋ ቲቸር፦ አባባ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አለንጋው ይቅር፣ ልጅ እየፈራ አይጠይቅም። በቃል መያዙን ግን አልነቅፍም። 33ቱ ፊደላት በ7 ሲባዙ 231 ናቸው። በጉጉት ብቻ እነዚህን የጨረሰ ልጅ አላየሁም። የማባዛት ሰንጠረዥም እንደዚያው ነው። ልጄ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ጮክ ብላ ታነባለች፣ ከዚያ 20 ደቂቃ ሒሳብ። ብታለቅስም፣ እንግዳ ቢመጣም። የቴርሞሜትሩን መስመር ያነበበችው መቁጠር ስለምትችል ነው። ንባብና ሒሳብ በየቀኑ!

የማታ ተማሪ፦ ቲቸር፣ ቀን ሥራ ነኝ፣ ማታ ዲግሪዬን እማራለሁ። ሁለት ልጆች አሉኝ። እኔም መለወጥ እፈልጋለሁ፣ ለነሱም መድረስ እፈልጋለሁ። አንዱን ልተው ወይ?

የሆጤዋ ቲቸር፦ እህቴ፣ ምኑንም አትተይ። እኔ ያጠናሁት አማርኛ ነው። ፊዚክስ ስፈራ ነው የኖርኩት። ያ የንፍሮ ጥያቄ ሲመጣ ሌሊት 11 ሰዓት እየተነሳሁ የ9ኛ ክፍል መጽሐፍ ማንበብ ጀመርኩ። አንዱን ገጽ አራት ቀን ያነበብኩበት ጊዜ አለ። ልጄ ነቅታ አየችኝ። "እማ፣ አንቺም አይገባሽም?" አለችኝ። "አዎ፣ ገና ነው" አልኳት። በነጋታው ደብተሯን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። ያንን ቀን አልረሳውም። ከዚያ በፊት እንድትጠይቅ እለምናት ነበር።

ስለዚህ አንድ ጠረጴዛ ላይ አንቺም ልጆችሽም ተቀመጡ። የራስሽን ጥያቄም ጻፊ። የኔ የመጀመሪያ ጥያቄ "ቦርከና የት ይደርሳል?" የሚል ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ድልድዩን ተሻግሬያለሁ፣ አስቤው አላውቅም። ካርታ ላይ በጣታችን ተከተልነው። በኮምቦልቻ ያልፋል፣ ጨፋን አቋርጦ አዋሽ ይገባል። አዋሽ ደግሞ ባሕር አይደርስም። አፋር ውስጥ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ያልቃል። ልጄ "ታዲያ ውሃው የት ይሄዳል?" አለች። ጨው የሟሟበት ውሃ በትሪ ፀሐይ ላይ አስቀመጥን። በሦስተኛው ቀን ትሪው ላይ ነጭ ጨው ብቻ ቀረ። በጣቷ ቀምሳ አየችው። አቤ ሐይቅም ጨዋማ ነው።

ጊዜ ለሌለው ሰው ክረምቱ ይረዳል። የሃይላንድ ጠርሙስ አንገቱን ቁረጡ፣ ዝናብ እንዲገባበት ሜዳ ላይ አቁሙት። በየጠዋቱ ልጁ የገባውን ውሃ በማስመሪያ ለክቶ ይጻፍ፣ ከዚያ ይድፋው። ሁለት ደቂቃ ነው። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ቁጥሮቹን ይደምራል።

ሰላም ነኝ፦ ጓደኛ አያጡም?

የሆጤዋ ቲቸር፦ ሰፈር ውስጥ ልጅ ሞልቷል። በሩን ክፈቺላት።

አዲስ ገቢ፦ ይቅርታ ቲቸር፣ አነበብኩት። ልጄ 7 ዓመቷ ነው፣ ሰማይ ማየት ትወዳለች። አሁን እየጻፍኩ ሳለ "ጉሙ ለምን ጦሳ ተራራ ላይ ይተኛል?" አለችኝ። ምን ልበላት?

የሆጤዋ ቲቸር፦ እሰይ! እንዲህ ጠይቂኝ። አትመልሺላት። ደብተር አላት?

አዲስ ገቢ፦ አላት።

የሆጤዋ ቲቸር፦ ትጻፈው። ነገ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ጋቢ ደርባችሁ ደጅ ውጡ። ጉሙ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚለቅ ሰዓቱን ያዙና ንገሩኝ።