ከካንሰር ዋርድ ወደ ምርምር፦ ለአንዲት ሲስተር የተሰጠ መልስ

ጠያቂዋ መሀል አዲስ አበባ ባለ አንድ ሆስፒታል፣ ካንሰር ክፍል ውስጥ የምትሠራ ዲግሪ ነርስ ናት። ሦስት ዓመት ሆኗታል። ጓደኞቿ «ፐብሊክ ሄልዝ ተማሪና ኤንጂኦ ግቢ» ይሏታል። እሷ ግን በካንሰር ነርሲንግ ምርምር ስማቸው ስለገነነ ሰዎች ካነበበች ወዲህ ልቧ ወደዚያ ሸፍቷል። «ከእኛ ዋርድ ተነስቶ እዚያ መድረስ ይቻላል? ወይስ የውጭ ስኮላርሺፕ እስኪሳካልኝ ልጠብቅ?» ስትል ጽፋልኛለች።

ውድ እህቴ፣

ስኮላርሺፑን አትጠብቂ። መጀመሪያ የሚያስፈልግሽ ጥያቄ ነው፤ እሱ ደግሞ እጅሽ ላይ አለ።

ደብዳቤሽ ውስጥ እግረ መንገድሽን ያነሳሽው ነገር አለ። ኬሞ፣ ማለትም የካንሰር መድኃኒት፣ ወስደው አፋቸው የቆሰለ ታካሚዎችን ምን መብላት እንደቻሉ እየጠየቅሽ በማስታወሻ ትይዣለሽ። አንዲት እናት ሽሮው እንኳ አቃጥሏቸው በአጥሚት ብቻ እንደሰነበቱ ጽፈሻል። ከዚያ ወደ ሌላ ጉዳይ አለፍሽ። እኔ ግን ማለፍ አልቻልኩም።

የዓለም ጤና ድርጅት የአፍ ቁስልን ከ0 እስከ 4 እንደሚለካው ታውቂያለሽ። 2 ላይ ያለ ሰው ቁስል ቢኖረውም ጠጣር ምግብ ይበላል። 3 ላይ ፈሳሽ ብቻ ነው። 4 ላይ በአፍ ምንም አይገባም። እኚያ እናት 3 ላይ ነበሩ ማለት ነው። ግን የእኛ ሰው ጠጣር ምግብ የሚለው ምንድን ነው? ኮምጣጣ እንጀራና በርበሬ ያለበት ወጥ አይደል? ወቅቱ ጾም ከሆነ ወተቱም እርጎውም የለም። ታዲያ ምን ይብሉ? በጨው ውሃ ተጉመጥመጡ ብለሽ የላክሻቸው ታካሚ፣ ሕክምናው እስኪያልቅ ዘመድ ቤት ተጠግተው ሲሰነብቱ ይህን ያደርጉታል? ለብቻዬ አልጫ ይሠራልኝ ብለው መጠየቅስ ይደፍራሉ?

ይህን ሁሉ ሐኪሙ ራውንድ ላይ ሊጠይቅ አይደርስም። የምታውቂው አንቺ ነሽ፤ አጠገባቸው የምትውይው አንቺ ነሽና። የካንሰር ነርሲንግ ምርምር ማለት በአብዛኛው ይኸው ነው። የሚያጠናው ዕጢውን ሳይሆን ዕጢውን ተሸክሞ የሚበላውን፣ የሚተኛውን፣ የሚፈራውን ሰው ነው።

ምሳሌ ፈልገሻል። እንግሊዛዊቷ ፕሮፌሰር ጄሲካ ኮርነር ነርስ ናቸው። ከባልደረቦቻቸው ጋር ይዘውት የተነሱት ነገር ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፤ የሳንባ ካንሰር ታካሚ ትንፋሽ ሲያጥረው ነርስ ምን ልታደርግለት ትችላለች? አዲስ መድኃኒት አልፈለጉም። በነርሶች የሚመራ ክሊኒክ ውስጥ ታካሚው አተነፋፈሱን መቆጣጠር፣ ሥራውን እየከፋፈለ በልኩ መሥራት፣ ሰውነቱን ማፍታታት ይማራል። ፍርሃቱንም ቁጭ ብሎ ያወራል። ይህን በ119 ታካሚዎች ላይ በዕጣ መድበው ፈተኑት። በ8ኛው ሳምንት ክሊኒኩን የተከታተሉት ከሌሎቹ የተሻለ ለውጥ አሳዩ። ውጤቱ በፈረንጆቹ 1999 ብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ላይ ወጣ። እኚሁ ነርስ በ2022 የእንግሊዝን ዩኒቨርሲቲዎች በምርምር ገንዘብ የሚደግፈውን ሪሰርች ኢንግላንድን መምራት ጀመሩ። አገራችንም ብትይ፣ ሆስፒስ ኢትዮጵያን የመሠረቱት ነርስ ናቸው።

እዚህ ላይ የሚያንገበግበኝን ልንገርሽ። የእኛ የማስተርስ ጥናቶች እጅግ ብዙዎቹ «ዕውቀት፣ አመለካከትና ተግባር» የሚል ርዕስ ይዘው ይመጣሉ። መጠይቅ ይበተናል፣ ኤስፒኤስኤስ የሚባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ላይ ይገባል፣ ዲፌንስ ይደረጋል፣ ከዚያ መደርደሪያ ላይ ይወጣል። ለመማሪያ ክፉ አይደለም። ነገር ግን ጎበዝ ነርሶች ሦስት ዓመት አልጋ አጠገብ ቆመው ያዩትን ትተው፣ ቶሎ ለማለቅ የሚመች ርዕስ ሲመርጡ ማየት ያሳዝነኛል። አንቺ እንዲህ አታድርጊ። የአፍ ቁስሉን ያዢ። ለማስተርስ ምን ያህሉ ታካሚ እንደሚቸገርና ምን እየበላ እንደሚያልፈው አጥኚ። ቀጥሎ ከታካሚዎቹና ከሚያስታምሟቸው ጋር ሆነሽ አንድ የአመጋገብና የአፍ እንክብካቤ መመሪያ አዘጋጂ። ዶክትሬት ላይ መመሪያውን ፈትኚው። መሪ የሚሆኑት አንድ ችግር ላይ ዓመታት የሚቆዩ ሰዎች ናቸው፤ በየዓመቱ ርዕስ የሚቀያይሩት አይደሉም።

ስለዚያ ማስታወሻሽ ግን ጥንቃቄ አድርጊ። የታካሚ ስምም ካርድ ቁጥርም አትጻፊበት። እስካሁን የያዝሽው ጥያቄሽን ለመቅረጽ ይጠቅማል እንጂ እንደ ጥናት ዳታ አይቀርብም። ለጥናት መረጃ መሰብሰብ የምትጀምሪው የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴው፣ አይአርቢ፣ ሲያጸድቅልሽና ታካሚው ፈቃዱን ሲሰጥሽ ነው።

የፐብሊክ ሄልዙን ነገር በተመለከተ ጓደኞችሽ አልተሳሳቱም። በር ይከፍታል፣ የሥራ ማስታወቂያውም ይበዛል። ላንቺ ፍላጎት ግን የሚቀርበው የኦንኮሎጂ ነርሲንግ ማስተርስ ነው፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ይሰጣል። ለማንኛውም ማስተርስ የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተናውን፣ ኤንጋትን፣ ማለፍ ስላለብሽ ከአሁኑ ተዘጋጂ። ስታቲስቲክሱን ፐብሊክ ሄልዝ ከተማሩት ጓደኞችሽ ጋር ቁጭ ብለሽ ተማሪ።

ደሞዙን አልደብቅሽም። ምርምር የነርስን ኪስ ቶሎ አይሞላም፤ ዲውቲውም አይቀርልሽም። ቤተሰብ የምትረጂ ከሆነ ይህን ሳታስቢበት አትግቢ። በሁለት ዓመት ውስጥ ገቢዬ ካልተለወጠ ቤቴ ይናጋል ካልሽ፣ ኤንጂኦውን መምረጥ ነውር የለውም።

ከቆረጥሽ ግን መጀመሪያ የነርሶች ኃላፊዋን፣ ሜትሮኗን፣ አነጋግሪ። ነርስ ካንሰር ክፍል ገብታ ሥራው እጇ ሲገባ ሮቴሽን መጥቶ ወደ ሌላ ዋርድ ትሄዳለች፤ ልምዱም አብሮ ይበተናል። እዚሁ መቆየት እንደምትፈልጊና ለምን እንደሆነ ንገሪያቸው፣ በጽሑፍም አስገቢ። ከዚያ ሆስፒታልሽ ወይም የተማርሽበት ዩኒቨርሲቲ ሂናሪ ወደሚባለው የጆርናሎች ድረ ገጽ መግቢያ እንዳለው ላይብረሪውን ጠይቂ። ሌላ ቦታ በዶላር የሚሸጡ ጆርናሎችን በነፃ ታነቢበታለሽ። ስለ አፍ ቁስል በአፍሪካ ነርሶች የተጻፈውን ፈልጊ። የእንግሊዝኛው አጻጻፍ ቢከብድሽ አትደንግጪ፤ በየቀኑ የምትጽፊውን የነርስ ኖት ጥርት አድርጎ መጻፍ ራሱ ልምምድ ነው።

በመጨረሻ አንድ ገጽ ጻፊ፦ ችግሩ ምንድን ነው፣ ማንን ይጎዳል፣ ምን ማወቅ እፈልጋለሁ። በአማርኛም ቢሆን ግድ የለም። ኦንኮሎጂ ነርሲንግ ለሚያስተምር መምህር ከመውሰድሽ በፊት ለእኔ ላኪልኝ፣ አንብቤ አስተያየቴን እጽፍልሻለሁ።